ኤፍ ያገኘው የአባቴ ግድግዳ

ለሕንፃዎች የኃይል ደረጃ ሰጪ መሥሪያ ቤት
ለክቡር ዋና ዳይሬክተሩ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉ ሠራተኞች በሙሉ የተሟላ ጤንነት፣ ደህና እንቅልፍና የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ መስመር እመኛለሁ። ሦስተኛውን ምኞት የጨመርኩት ለወጉ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ይደርሱበታል።

ኤርሜሊንዳ ፋልካቶ እባላለሁ። አሌንቴዦ በተባለው ሞቃት አውራጃ፣ ቫል ዳ ኡርዛ በምትባል መንደር የምኖር ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ዕድሜ ልኬን ለሰው ልጅ ማርክ ስሰጥ ኖሬ በስተርጅናዬ የገዛ ቤቴ ከኤ እስከ ኤፍ ባለው የኃይል ቁጠባ ደረጃ የመጨረሻውን ኤፍ ማግኘቱን ፈጣሪ ከእኔ ጋር የተጫወተው ጨዋታ ነው ብዬ ተቀብያለሁ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በአውራጃችን ጋዜጣ ላይ የማወጣው በማርኩ አኩርፌ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከመሥሪያ ቤትዎ አንድ ምላሽ ደርሶኛል። ቤቴ በከባድ ሙቀት ጊዜ የአረጋውያን መጠለያ ሆኖ እንዲመዘገብ የቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት የሚያገኘው «ግድግዳዎቹ ተሻሽለው ቢያንስ የሲ ደረጃ ሲያሟሉ» መሆኑን ይገልጻል። አንብቤ ስጨርስ ይህን ያህል ጥበብ ብቻዬን ይዤ መቀመጥ ስስት መሰለኝ። ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

፩. ስለ ግድግዳው

ቤቱን የሠራው አባታችን ነው። ከወንዙ ዳር የመጣ ቀይ አፈር ከጠጠር ጋር እየተደባለቀ፣ በሁለት ሳንቃ መካከል እየተጨመረና በእንጨት እየተደቀደቀ ወደ ላይ የወጣ ግድግዳ ነው። ውፍረቱ አንዲት ልጅ መስኮቱ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ መጽሐፍ የምታነብበት ያህል ነው፤ ማንበብ የለመድኩትም እዚያው ላይ ነው። በየዓመቱ ኖራ እንቀባዋለን። ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ቀስ እያለ ወደ ሆዱ ይስበዋል፤ ሙቀቱ እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይመሻል። ማታ መስኮት ስንከፍት ደግሞ የያዘውን ለነፋሱ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድም ቀን ሶኬት ላይ ተሰክቶ አያውቅም። አባታችን በዚህ ጉዳይ ያስተማረን ነገር ቢኖር «በበጋ እኩለ ቀን ላይ መስኮት የሚከፍት ሰው እሳት ቤቱ ይጋብዛል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት።

እውነቱን ለመናገር (ጎረቤቶቼ ይህን ጋዜጣ ስለሚያነቡ ሌላ ነገር መናገርም አልችልም) ይኸው ግድግዳ በብርዱ ወራት ወዳጅ አይደለም። ጥር ላይ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ እግሬን ወደ ምድጃው ዘርግቼ ነው የምውለው። በዚህ በኩል ወረቀትዎ አልተሳሳተም። ዲ ቢሰጠኝ አመሰግን ነበር፤ ኢ ቢሰጠኝም ዝም እል ነበር።

አባታችን ሲሞት ቤቱን ለሁለት ተካፈልነው፤ የምሥራቁ እኩሌታ ለእኔ፣ የምዕራቡ ለታናሽ ወንድሜ ለቤልሚሮ። አንድ ዓይነት ግድግዳ፣ አንድ ጣራ፣ አንድ ግቢ፣ ሁለት በር።

፪. ስለ ላኩልን ባለሙያ

ደረጃ የሚባለው ነገር ቤታችን የገባው በነርስ ምክንያት ነው። መንደራችን ብዙ ጊዜ ነርስ አጥታ ከቆየች በኋላ ሲስተር ኦዲሊያ ተመደበችልን። ማዘጋጃ ቤቱ ቤት ሊከራይላት ፈለገ፤ እሷም የፊት ክፍሌን አይታ ወደደችው። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ ከሲ በታች ያለ ቤት መከራየት አይፈቀድለትም ተባለ። እኔም ደረጃ እንዲሰጠኝ አመለከትኩ።

የላኩልን ኢንጂነር ቴልሞ ጨዋ ወጣት ነው፤ ይህን በአደባባይ መመስከር እወዳለሁ። ከቀትር በኋላ ላብ አጥምቆት ደረሰ። ገብቶ ቦርሳውን አስቀመጠ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠና ዓይኑን ጨፈነ። ያመመው መስሎኝ ውሃ አመጣሁለት።

«ደህና ነኝ መምህርት፤ ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አለኝ። «ኤሲው የት ነው የተሰቀለው?»

«ኤሲ የለኝም።»

«ታዲያ ይሄ ቅዝቃዜ ከየት መጣ?»

«ተደግፈኸዋል።»

ሳቀና ኮምፒውተሩን ከፈተ። የግድግዳውን ውፍረት ለካ። «አፈር» የሚል ምርጫ ፈልጎ አጣ፤ «ሌላ» የሚለውን ነካ። ኮምፒውተሩም «ሌላ»ን አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ የአባቴን ግድግዳ እንደ ተራ ብሎኬት ቆጠረው።

«ክብደቱስ? ሙቀት ይዞ ማቆየቱስ የት ይገባል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«እሱን ፕሮግራሙ ለሁሉም ቤት እኩል ነው የሚወስደው። መካከለኛ ይላል።»

«ለእኔም?»

«ለካርቶን ቤትም መካከለኛ ነው የሚለው፣ መምህርት። እኔ የምሞላበት ቦታ አልተሰጠኝም።»

«አንተ አሁን ጀርባህ ላይ የተሰማህንስ የት ትጽፈዋለህ?»

ኮምፒውተሩን ገፋ አደረገ። «የተሰማኝን ማንም አይጠይቀኝም» አለ፤ ያለውም እያዘነ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ አንድም ተማሪ ሳልፈትን ለክፍሉ በሙሉ «መካከለኛ» እየሰጠሁ ብኖር ኖሮ ሥራዬ ምንኛ በቀለለ ነበር። ይህን ዘዴ በሥራ ላይ ሳለሁ ስላላስተማሩኝ ትንሽ ቅር ብሎኛል። ኢንጂነር ቴልሞ ኤፍ ሰጥቶኝ ሄደ። ይቅርታ፣ ወዲያው አልሄደም፤ ፀሐይዋ እስክትበርድ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ሐብሐብ በላ።

፫. ስለ ወንድሜ ቢ

ቤልሚሮ የሰው ምክር ሰምቶ አያውቅም፤ የመሥሪያ ቤትዎን ብሮሹር ግን ሰማ። የእሱን እኩሌታ ግድግዳ ከውስጥ በኩል ከዳር እስከ ዳር በነጭ ፎም አለበሰው፣ በላዩ ጂፕሰም ቦርድ መታበት። የአባታችንን የእንጨት መስኮቶች ከነመዝጊያቸው ነቅሎ ወደ ምዕራብ የሚያይ ሰፊ ድርብ መስታወት አስገባ፤ ኤሲም ሰቀለ። ቢ አገኘ። ሲስተር ኦዲሊያም ሻንጣዋን ይዛ በእኔ በር አልፋ ወደ እሱ ገባች።

ወንድሜ ሰርተፍኬቱን በፍሬም አስገብቶ የሰቀለው ቤቱ ውስጥ አይደለም፤ የእኔ ወጥ ቤት መስኮት በሚያየው በውጭው ግድግዳ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ወንበሩን አውጥቶ ከሥሩ ይቀመጥ ነበር።

«እታለም፣ እንዴት ነው ኤፍ ሠፈር?» አለኝ አንድ ቀን።

«ደህና ነን። ቢዎችስ?»

«እኛማ ምን እንሆናለን። ግን ለመምህርት ኤፍ አያሳፍርም ወይ? ትንሽ ብታጠኚ እኮ ጥሩ ነው።»

ከዚህ በኋላ ለወራት አልተነጋገርንም። ይህን የማነሳው የቤተሰብ ገመና ለማውጣት ሳይሆን ፎሙ የሠራውን ለማስረዳት ነው። የአባታችን ግድግዳ በወንድሜ ቤት እዚያው ቆሞ ነበር፤ ክፍሉ ግን ፎሙ ስለጋረደው አያገኘውም ነበር። አንድ ግቢ እየኖሩ እንደተኳረፉ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

፬. ስለ መብራቱ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ በመብራት ምሰሶ ላይ የሚኖሩት ሽመላዎች ከሙቀቱ የተነሳ ጎጆአቸው ውስጥ አፋቸውን ከፍተው ቆመው ቀሩ፤ የሙቀቱን ቁጥር ከእኔ ይልቅ መሥሪያ ቤትዎ ያውቀዋል። እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ትራንስፎርመር ተቃጠለ አሉ። «አሁን ይመጣል» ተባለ፤ መሸ፤ ነጋም።

እኔ እንደ ልማዴ ማለዳ መዝጊያዎቹን ዘግቼ በጨለማው ውስጥ ተቀመጥኩ። ከወዲያ ማዶ ቤልሚሮ ያንን ሰፊ መስታወት ሲከፍት፣ መልሶ ሲዘጋ፣ እንደገና ሲከፍት ይሰማኛል። አንድ ገንቦ ውሃ ይዤ በሩ ላይ አስቀመጥኩለትና አንኳኳሁ።

«የራሴ ውሃ አለኝ» አለ፣ በሩን ሳይከፍት።

«እንግዲያው ግባና እኔ ጋ ተቀመጥ።»

«ቢ እኮ ነው ያለሁት» አለኝ። ድምፁ እንደ ሰከረ ሰው ይጎተት ነበር፤ ወይን ጠጥቶ መሰለኝ።

ወይን አልነበረም። ሲስተር ኦዲሊያ ከሰዓት በኋላ በሽተኞቿን ጠይቃ ስትመለስ ከመስታወቱ ሥር ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘችው። በሬን በሁለት እጇ ደበደበችው።

«እትዬ ኤርሜሊንዳ፣ ቶሎ ይምጡ። ጋሼ ቤልሚሮ ወድቀዋል።»

ስገባ የክፍሉ አየር ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ አንገቴን ያስገባሁ ያህል ፊቴን መታኝ። ወንድሜ ቆዳው ደርቆ እንደ ፍም ይፋጃል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እኔን አያየኝም፤ በእናታችን ስም ይጠራኛል። ስልክ አይሠራም፤ አምቡላንስ የሚጠራበት መንገድ የለም።

«መጀመሪያ ከዚህ እናውጣቸው» አለች ሲስተር ኦዲሊያ። «መንደሩ ውስጥ ከሁሉ ቀዝቃዛው ቤት የትኛው ነው?»

«የእኔ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኤፍ ነው» አልኳት። በዚያ ሰዓት ይህን ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ ምናልባት ደንብ አክባሪ ሆኜ ይሆናል።

«ኤፍም ይሁን ዜድ፣ እግራቸውን ይያዙ።»

በአንሶላ ጠቅልለን ግቢውን አሻግረን ጎተትነው። በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ በሸክላው ወለል ላይ አስተኛነው። እሷ እርጥብ ጨርቅ ታለዋውጣለች፤ እኔ ይህንኑ ጋዜጣ አጥፌ አራግባለሁ። ስለዚህ ጋዜጣ ጠቀሜታ ጥርጣሬ ያላቸው አንባቢያን ካሉ ይህን ይወቁልኝ። ሲስተር ኦዲሊያ የልቡን ምት እየቆጠረች ፊቷን ከእኔ ታዞራለች። ያኔ ነው የፈራሁት። ከእሱ በቀር ከልጅነት ቤቴ የቀረኝ ሰው የለም።

ብርሃኑ ሊደበዝዝ ሲል ቤልሚሮ ላብ አላበው። ሲስተር ኦዲሊያ ተነፈሰች። ቆይቶ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰ።

«የት ነኝ?»

«ኤፍ ውስጥ» አልኩት።

ጣራውን አየ፣ እኔን አየ።

«ማለፊያ ነው» አለኝ።

ይህን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ በተማሪ ደብተር ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ፤ ለእኔ ሲሰጠኝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያም እጁን ዘርግቶ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፤ እዚያው ቆየ።

«የአባባን ግድግዳ በስፖንጅ ሸፈንኩት» አለ።

«ዝም ብለህ ውሃህን ጠጣ» አልኩት።

፭. ስለ ፐርፔቱዋ

ቤልሚሮ ውሃ መዋጥ ሲጀምር ሲስተር ኦዲሊያ ሌሎቹን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ልታይ ወጣች። በትራክተር ተጎታች እየጫነች ታመጣቸው ጀመር። የፊት ክፍሌ ሞላ፣ ኮሪደሩ ሞላ፣ ወጥ ቤቱም ሞላ። ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ያለበት የዳቦ ሾርባ አቀረብኩ፤ አንዱ ጨው በዛበት አለ፤ ሌላው የጎረቤቱን ማንኮራፋት ከሰሰ። ሰው ማማረር ሲጀምር እንደሚድን ያኔ አወቅሁ።

ፐርፔቱዋ ግን አልመጣችም። ፐርፔቱዋ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ ከመንደሩ ዳር ባሠራቸው አዲስ የአረጋውያን ቤቶች ውስጥ ትኖር ነበር፤ ኤ ያገኙ፣ ነጭ፣ ቀላል፣ ሁሉ ነገራቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ። ቤቷን ትወደው ነበር፣ ያውም በደህና ምክንያት። በብርድ ወራት በስስ ቀሚስ ተቀምጣ «አንቺ ግትር፣ ነይና እግርሽን አሙቂ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሄጄ አሞቅ ነበር።

የመስኮቷ መዝጊያ በሞተር ነበር የሚወርደው። መብራት ሲጠፋ እንደተከፈተ ቀረ። ሲስተር ኦዲሊያ ስትደርስ ፐርፔቱዋ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ የመዝጊያውን ሪሞት በእጇ ይዛለች።

ክቡር ሆይ፣ መሥሪያ ቤትዎ ገደላት አልልም። የገደላት ሙቀቱ ነው፣ ዕድሜዋ ነው፣ የተቃጠለው ትራንስፎርመር ነው። ወረቀትዎም አልዋሸም። ብቻ ኤ ማለት መብራት እስካለ ድረስ ኤ ማለት መሆኑን በደቃቅ ፊደል እንኳ አልጻፋችሁላትም። ማንበብ ትችል ነበር። አብረን ነው የተማርነው።

፮. ስለ ምላሽዎ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልግለጽ። ሲስተር ኦዲሊያ ያየችውን ጽፋ ቤቴ የሙቀት ጊዜ መጠለያ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ውሃና አልጋ እንዲሰጠው፣ በክፉ ቀንም አምቡላንሱ ወደዚያ እንዲመጣ ጠየቀች። ማዘጋጃ ቤቱ እርስዎን ጠየቀ። እርስዎም ግድግዳዎቹ ከውስጥ በፎም ተሸፍነው ሲ ሲያገኙ ይቻላል አሉ። እኔ ምላሹን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፦ ቤቴ ሰው እንዲያድን የሚፈቀድለት፣ ሰው ያዳነበትን ነገር ካጣ በኋላ ነው። ተሳስቼ ከሆነ እርማትዎን በትህትና እጠብቃለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ ቢሆንም ቅር አይለኝም።

ወንድሜ የእርስዎን ምላሽ ያህል አልቆየም። በእግሩ እንደቆመ ዲጂኖ ይዞ ጂፕሰሙን አፈረሰ፣ ፎሙን ግቢ ውስጥ ከመረው፣ ከጎረቤት የእንጨት መዝጊያ ለምኖ ገጠመ። ከዚያም ማንም ሳያስገድደው ዳግመኛ ደረጃ እንዲሰጠው አመለከተ። ኢንጂነር ቴልሞ መጥቶ ኤፍ ሰጠው። ቤልሚሮ እጁን ጨብጦ አመሰገነው።

ይህ ግን አንድ ችግር አስከተለ። ማዘጋጃ ቤቱ ሲስተር ኦዲሊያ ኤፍ ቤት ውስጥ መኖር ስለማይፈቀድላት ቤቱን እንድትለቅ ጻፈላት። ኤ ካገኙት ቤቶች አንዱ ባዶ ስለሆነ ወደዚያ ትግባ አሉ፤ የፐርፔቱዋን ማለታቸው ነው። ሲስተር ኦዲሊያ ማዘጋጃ ቤቱ ድረስ ሄዳ «ከዚያ ቤት ካስወጣችሁኝ የምለቀው መንደሩንም ነው» ብላቸው ተመለሰች። እስካሁን መልስ አልመጣም። እንግዲህ በአንድ ፊደል ምክንያት ነርሳችንን ልናጣ እንችላለን ማለት ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ኤ አልጠይቅም፤ ሽልማት አልጠይቅም። በዚያ ፕሮግራም ውስጥ ግድግዳው ምን ያህል እንደሚከብድና ሙቀት ይዞ ምን ያህል እንደሚያቆይ እውነቱ የሚሞላበት አንድ ባዶ ቦታ ይከፈት። ከእሱም ቀጥሎ «መብራት ቢጠፋ እዚህ ቤት ውስጥ ሰው ስንት ቀን ይኖራል?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ የኢንጂነር ቴልሞ ጀርባም ለአገሩ አንድ ነገር ያበረክታል።

ለመጪው ሳምንት ከባድ ሙቀት ተተንብዮአል። ማዘጋጃ ቤቱ ለአረጋውያኑ በበተነው የመጠለያዎች ዝርዝር ላይ ቤቴ የለም። ትናንት ግን የመንደሩ አሮጊቶች አንድ በአንድ እየመጡ ትራሳቸውን ፊት ክፍሌ ውስጥ አስቀምጠው ሄዱ፤ ቤልሚሮም በየትራሱ ላይ ስም ሲጽፍ አመሸ። በሬ አይቆለፍም። ይህ ከደንቡ ውጭ ከሆነ፣ ተጠያቂዋ እኔ መሆኔን በዚህ ጽሑፍ አረጋግጣለሁ።

ውድ ጊዜዎን መስዋዕት አድርገው የአንዲት መንደርተኛን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ስላነበቡ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለመሥሪያ ቤትዎም የሠመረ ዘመንን ተመኝቼ፣ ከሙሉ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ኤርሜሊንዳ ፋልካቶ
ቫል ዳ ኡርዛ፣ ከምሥራቁ በር

ከፊርማዬ በኋላ የሚነበብ፦ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ በእጄ ላደርስልዎ ከተማ ድረስ መጥቼ ነበር። በአዲሱ የመስታወት ሕንፃችሁ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ፣ ሠራተኞቻችሁ በሙቀቱ ምክንያት እስከ ወሩ መጨረሻ በቀድሞው ገዳም ውስጥ እንደሚሠሩ ይናገራል። ወደዚያው ሄድኩ። የገዳሙ ግድግዳ ከእኔ ቤት ግድግዳም ይወፍራል፤ ጸሐፊዎ ትከሻዋ ላይ ሹራብ ጣል አድርጋ ነበር። ሕንፃው ስንት እንዳገኘ ብጠይቃት «ቅርስ ስለሆነ ደረጃ አይሰጠውም» አለችኝ። እባክዎ ክቡር ሆይ፣ ማንም እንዳይመዝነው ይጠብቁልኝ። ኤፍ አግኝታችሁ ከዚያም የወጣችሁ እንደሆነ፣ በሬ ክፍት ቢሆንም ለመላው መሥሪያ ቤት የሚበቃ ወለል የለኝም።